የጭልፊት ሚዛን

አል ዓይን ሳይሞቅ በፊት፣
ሚዛኑ ላይ ይቆማል የቆዳ ቆብ የደፋ ጭልፊት።
ዘጠኝ መቶ አርባ ግራም።
ትናንት ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ነበር፤ ዛሬ ክሊኒኩ ሰላም የለም፦
አሥር ግራም ጎደለ ተብሎ ሦስት ሰው ይደውላል፣
ደም ይወሰዳል፣ ኩስ ይታያል፣ የድርጭት ሥጋው ይለወጥለታል።

እኔ ከመጣሁ ወዲህ ስምንት ኪሎ ጎደልኩ፤
ቀበቶዬን በምስማር በሳሁና ዝም አልኩ።

ስሜ ይመር ነው። ዶክተር ሐይሰም «ዑመር» ይለኛል፤
አላርመውም፤ ደመወዜ በሁለቱም ስም ያው ይመጣል፦
አንድ ሺህ አራት መቶ ድርሃም፣
ለመጥረግ፣ ለማጠብ፣ ወፍ ለመያዝ፣ ለመሸከም።
ስምንት መቶው ሐርቡ ይገባል፦ ለእናቴ መድኃኒት፣ ለሐዋ ኮሌጅ፤
ሦስት መቶው ይበላል፤ ሦስት መቶው ይቀራል በእጅ።

የመድኃኒት ካርቶን ቀድጄ ጀርባው ላይ ሒሳብ ያዝኩ፦
የእንስሳት ጤና ቴክኒሻን፣ ሁለት ዓመት፣ የማታ።
በዓመት አሥራ ስምንት ሺህ። እዚህ ላይ እስክሪብቶ አስቀመጥኩ።
ሠላሳ ስድስት ሺህ፤ ልተወው ለጊዜው የታክሲውን ጣጣ።
በሦስት መቶ ሲካፈል መቶ ሃያ ወር፤
አሥር ዓመት፣ ሳልታመም፣ ሳላገባ፣ አገር ቤት ማንም ሳይቀበር።

ከተማርኩ ግን ሦስት ሺህ አምስት መቶ አገኛለሁ፣ እንደ ቢንሲ፤
ወጪውን ለመመለስ አሥራ ስምንት ወር አይሞላም።
ደጋግሜ አሰላሁት። አልተሳሳትኩም።
ውዱ ትምህርቱ አይደለም ለካ፤
ደጃፉ ነው።

«አገርህ ገብተህ ተማራ!» ይላል ሸምሱ ከላይኛው አልጋ፣
«እዚያ ክፍያው ቀላል ነው።»
ልክ ነው። ደመወዙ ደግሞ ከክፍያውም ይቀላል።
የቀበሌያችንን የከብት ሐኪም፣ አቶ እሸቴን አስታውሳለሁ፤
ሞተሩ ቤንዚን አጥታ ሁለት ሰዓት በእግሩ ገሰገሰ፣
በአግድም የመጣውን ጥጃ እጁን እስከ ክርኑ ሰዶ መለሰ።
ሲጨርስ ውሃ ለመነን፤ ሳሙና ከኮቱ ኪስ አወጣ፣
በላስቲክ የተጠቀለለች፣ እንደ ጥፍር የሳሳች ቁራጭ።
ጥጃውን ረስቼዋለሁ። ሳሙናዋን አልረሳሁም።

ቢንሲን ጠየቅኳት፣ የኬረላዋን፤
አባቷ የጎማ ዛፎቹን ለባንክ አስይዞ ነው ያስተማራት፤
አራት ዓመት ከፍላ ሁለት ይቀራታል።
«ዲግሪው ገና የባንኩ ነው፤ እኔ ሞግዚቱ ነኝ» አለች፣
ሲሪንጅ እየሞላች ሳቀች።
አትማር ግን አላለች።

ሐሙስ ዕለት ትኩሳት ይዟት ቀረች።
አንድ ጭልፊት መጣ፣ የጅራቱ ላባ ከወገቡ የተቀነጠሰ፤
ዶክተሩ መነጽሩን ወለወለ፣ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ መለሰ።
«ዑመር፣ አንተ ሞክረው።»
ዓምና ከረገፈው ላባ መረጥኩ፣ ዝንጉርጉሩን ከዝንጉርጉሩ ገጠምኩ፣
የቀርከሃ ስንጥር ሞረድኩ፣ ሙጫ አስነካሁ፣ ሰካሁ፤
እስኪደርቅ ድረስ ወፉም እኔም አልተነፈስንም።
የሌላ ወፍ ላባ ነው። ግን ይበርበታል።

ደረሰኙ ወጣ፦ «የላባ ጥገና፣ አራት መቶ ድርሃም»፤
የሠራው ባለሙያ፦ ቢንሲ። እሷ አልጋ ላይ ናት፣ አልሰማችም።
ማሽኑ የሚያውቀው ወረቀት ያለውን ስም ነው፤ አይፈረድበትም።
አልተናደድኩም።
ትንሽ ተናድጄ ነበር።

ማታ ሁሉም ሲሄድ ሚዛኑን አጠብኩ፣ ዜሮ ላይ መለስኩ፣
ኪሴ ውስጥ የከረመውን ፎርም አወጣሁ፣ ጫንኩ፤
ሁለት ገጽ። አሥር ግራም።
ጠዋት ሦስት ሰው የደወለበት ክብደት።
ፎርሙን አንስቼ ከሥራ የተረፈችውን ላባ አኖርኩ፤
ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም።

ቆሜ ሞላሁት፣ በማቀዝቀዣው መብራት።
«የክፍያ ምንጭ» የሚለውን ሳጥን ባዶ ተውኩት።
ስም የሚለው ላይ፣ ፊደሉን ጫን አድርጌ፦
ይመር።